አዋሽ ፓርክ ከአራት ኪሎ፦ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ያዋጣል?

የቀበናዋ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡10)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አራት ኪሎና ቀበና መሃል ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ወንዱ 9፣ ሴቷ 6 ዓመታቸው ነው። ቅዳሜ ሲመጣ ያው ነን። ወዳጅነት ፓርክ፣ አንድነት ፓርክ፣ እንጦጦ። እንደገና ወዳጅነት። የአንድነት ፓርክን አንበሳ ልጄ በስሙ ሊጠራው ትንሽ ነው የቀረው። ባለፈው ሳምንት «እማ፣ አጥር የሌለው እንስሳ የት ነው ያለው?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

እና ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ሦስት ቤተሰብ ሆነን አዋሽ ፓርክ ልንሄድ አስበናል። ሃይሩፍ እንከራያለን። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ከአምባሳደር ተነስተን፣ አይተን፣ ምሳ በልተን፣ ማታ መመለስ። ይቻላል? እንስሳ ይታያል ወይስ ፀሐይ ብቻ ነው?

ሌላው፣ አልዋሽም፣ እዚያ ያለውን እሳተ ገሞራ፣ የፈንታሌን ስም ስሰማ ሆዴ ይረበሻል። አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። በ2017 ሌሊት ሌሊት አልጋው ሲወዛወዝ ልጆቼን አቅፌ ደረጃ የወረድኩት እኔ ነኝ። አሁን በገዛ ገንዘቤ እሱ ጋ ልሂድ?

ዶሮ ማነቂያ (ማክሰኞ፣ 3፡25)

ይቻላል እንጂ! እኛ አምና አድርገነዋል። 1 ሰዓት ተባብለን 2 ተኩል ወጣን፤ ያው እንደምታውቂው። ደብረ ዘይት ቁርስ፣ አዳማ ቡና፣ 6 ተኩል ላይ በሩ ጋ ደረስን። ፏፏቴውን አየን፣ ፎቶ ተነሳን፣ መተሐራ ላይ ፍየል ጥብስ በላን፣ ተመለስን። አሪፍ ቀን ነበር።

ወፍ ቆጣሪ (ማክሰኞ፣ 3፡31)

ዶሮ ማነቂያ፣ ስንት እንስሳ አያችሁ?

ዶሮ ማነቂያ (ማክሰኞ፣ 3፡34)

አንድ ከርከሮ። ከሩቅ ደግሞ ሳላ ይሁን በሬ ያልለየነው አንድ ነገር።

ወፍ ቆጣሪ (ማክሰኞ፣ 3፡58)

ይኸው ነው። 6 ሰዓት ተኩል ላይ አዋሽ ፓርክ መድረስ ማለት ሠርግ ተጠርቶ ሳህን ሲታጠብ መድረስ ማለት ነው። ሰዉ ከዚያ ተመልሶ «ምንም የለም፣ ቁጥቋጦ ብቻ ነው» ይላል። እንስሳው ግን አለ። አንተ በመጣህበት ሰዓት ግራር ሥር ተኝቷል። አንተስ በዚያ ፀሐይ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?

እህቴ የቀበናዋ፣ ላንቺ በዝርዝር ልንገርሽ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ፓርኩ የሚበዛው ቦታ 1,000 ሜትር አካባቢ ነው። ቁልቁል ወርደሽ ሌላ አገር ነው የምትገቢው። ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው ነገሩ። መሃሉ የጥላ፣ የውሃና የእንቅልፍ ሰዓት ነው። ለእንስሳውም ለሰውም።

ሁለተኛ፣ ፓርኩ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የጅቡቲው አስፋልት መሃሉን ሰንጥቆት ያልፋል። ከመንገዱ በስተደቡብ ኢላላ ሳላ የሚባለው ሜዳ፣ ገደሉና ፏፏቴው አሉ። በስተሰሜን ፈንታሌ ተራራና ዘንባባ የከበበው ፍልውሃ። በአንድ ቀን ሁለቱንም ለማየት አትሞክሪ። ከልጆች ጋር ደቡቡን ያዢ። ወደ ፍልውሃው የሚወስደው መንገድ ድንጋያማ ነው፤ ላንድክሩዘር የሌለው ሰው ባይደፍረው ይሻላል። ደግሞ የኛ ከተማ ራሷ ፍልውሃ ላይ ነው የተቆረቆረችው። ልጆቹን ሙቅ ውሃ ለማሳየት 200 ኪሎ ሜትር መንዳት የለብሽም :)

ሜዳው ላይ ሳላ ታያላችሁ። ቀንዱ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ፊቱ በጥቁርና በነጭ የተቀባ የሚመስል። ሜዳ ፍየልም አለ። ቁጥቋጦው ውስጥ ሁለት ሁለት እየሆነ የሚሄድ እንሹ አለ፤ ከጥንቸል ብዙም አይበልጥም፣ ልጆች ይወዱታል። ወፍ ከወደዳችሁማ ከ450 በላይ ዓይነት ተመዝግቧል። እኔ አንድ ጊዜ መሬት ላይ የሚራመድ ግዙፍ ወፍ ጀርባ ላይ ትንሽዬ ቀይ ወፍ ፈረስ እንደጋለበች ተቀምጣ አይቻለሁ። ትልቁ ሳሩን ሲረግጥ ፌንጣ ይነሳል፤ ትንሿ ትለቅማለች። ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። አብረውኝ የነበሩት «እንሂድ እንጂ» እያሉ ነበር።

ካዛንቺስ በሌሊት (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡05)

ይሄ ሁሉ ድካም ለምንድነው? እንጦጦ ፓርክ 20 ደቂቃ ነው። አየሩ ንጹሕ፣ ፈረስ አለ፣ ዚፕላይን አለ፣ ማኪያቶ አለ፣ ሽንት ቤቱ ይሠራል።

ወፍ ቆጣሪ (ረቡዕ፣ 2፡12)

እንጦጦ መናፈሻ ነው። ጥሩ መናፈሻ ነው፤ እኔም እሄዳለሁ። ግን ልጁ የጠየቀው አጥር የሌለው እንስሳ ነው እንጂ ማኪያቶ አይደለም።

ካዛንቺስ በሌሊት (ረቡዕ፣ 2፡14)

ልጁ 9 ዓመቱ ነው። እናቱ ግን ማኪያቶ ትፈልጋለች።

የቀበናዋ (ረቡዕ፣ 2፡30)

ካዛንቺስ፣ እውነትህን ነው 😄

ጽድ ጥላ (ረቡዕ፣ 5፡40)

መሃል ቤት ያለ ነገር ከፈለግሽ መናገሻ ሱባ ደን አለልሽ። ብሔራዊ ፓርክ አይደለም፣ ግን በሰበታ በኩል ከመሃል ከተማ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ነው፤ ጫፉ 3,385 ሜትር ይደርሳል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጽዱን ቆመሽ ቀና ብለሽ ስታዪው አንገትሽ ያምሻል። ዝግባ፣ ኮሶ፣ ወይራ አለ። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ስትዘል ነጭ ጭራዋ እንደ ነጠላ ይዘረጋል። ባሕር ዛፍ ብቻ እያየን ላደግን ልጆች «ደን» ማለት ምን እንደሆነ እዚያ ነው የሚገባን። እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ እኮ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው።

ጫማችሁ የሚረግጥ ይሁን። ከመውጣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ ለሁሉም ጉዞ ነው የምለው።

ባለ ሃይሩፍ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡20)

እኔ ሾፌር ነኝ። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ንግሥ፣ ሽርሽር፣ ሁሉንም አመላልሳለሁ። አዋሽ ስንቴ እንደሄድኩ አልቆጠርኩም። የታዘብኩትን ልናገር።

ሰው ከአዲስ አበባ ሲወጣ አዲስ አበባን ጭኖ ነው የሚወጣው። ስፒከር፣ ሳጥን ቢራ፣ ክትፎ በጣባ። ይሁን፣ መብላትና መጠጣት ጥሩ ነው። ግን ፓርክ ውስጥ ገብተን «ባለመኪና፣ ድምፁን ጨምረው!» ይሉኛል። ሳላው ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ይሰማናል። ከዚያ «እንስሳ የለም» ብለው እኔን ይቆጡኛል፤ የደበቅኳቸው እኔ ይመስል። አንድ ጊዜ ፏፏቴው ጫፍ ላይ ቆመው እስክስታ የመቱ ነበሩ። እኔ መሪዬን ይዤ «ማርያም ማርያም» ስል ነበር።

እህቴ፣ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይቻላል፣ ግን እኔ አልወደውም። ጠዋት 12 ሰዓት እዚያ ለመሆን ሌሊት መንዳት አለብኝ። ከአዳማ ወዲያ ያለው መንገድ የጅቡቲ ተሳቢና ቦቴ ነው፤ በዚያ ላይ ፍየል፣ ግመልና አህያ ይሻገራል። ሌሊት አይሆንም። አርብ ከሥራ ስትወጡ በፈጣን መንገዱ አዳማ ግቡና እደሩ። 80 ኪሎ ሜትር ናት። ቅዳሜ ሲነጋጋ 11 ተኩል ላይ ከተነሳን 1 ተኩል አካባቢ በሩ ጋ ነን። ልጆቹም እንቅልፋቸውን ጠግበው ይደርሳሉ።

ሌላው፣ መታወቂያ ያዙ። ለዜጋ የሚከፈለው ለውጭ አገር ሰው ከሚከፈለው ያነሰ ነው፤ መኪናው ለብቻው ይከፈልበታል። ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ይዛችሁ ግቡ። ብር ማዳን ብላችሁ እሱን አትተዉ። እኔ አፍንጫዬ ሥር ያለውን አላየሁም፣ ስካውቱ «ቁም» ይለኛል፣ እቆማለሁ፣ ከዚያ ቁጥቋጦው ዐይን ያወጣል። ነዳጅ አዳማ ላይ ሙሉ። ውሃ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር። መስኮት ክፈቱ፣ ሙዚቃ ዝጉ።

ጋሽ ለገሃር (ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡15)

ልጆች፣ ስታወሩ ደስ አላችሁኝ። እኛ በወጣትነታችን ፓርክ ልንጎበኝ ብለን አልሄድንም። በባቡር ነው ያየነው። ከለገሃር ተሳፍረን ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ ሐዲዱ በዚያው ሜዳ ነበር የሚያልፈው። ባቡሩ አይቸኩልም። መስኮቱ ክፍት ነው። ሳላው ቀና ብሎ ያየናል፣ እኛም እናየዋለን። አዋሽ ጣቢያ ላይ ወርደን ሎሚና ፓፓያ እንገዛለን። ያ የፈረንሳይ ባቡር በ1909 ዓ.ም. ነው አዲስ አበባ የገባው፤ ፓርኩ ሳይታሰብ በፊት ማለት ነው።

ለልጅሽ አንድ ነገር ንገሪው። ቀበና ወንዝ ወርዶ አቃቂ ይገባል። አቃቂ አባ ሳሙኤልን አልፎ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ቆቃ ላይ ያርፍና ወደዚያ ፏፏቴ ይወርዳል። ከዚያም አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል፤ ባሕር አይደርስም። እንግዲህ ልጅሽ ፏፏቴው ጋ ሲቆም የሚያየው በከፊል የሰፈሩን ውሃ ነው። እኛ ቀበና ውስጥ ዋኝተናል፤ አሁን ማን ያምነኛል!

የቀበናዋ (ሐሙስ፣ 1፡40)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን ሳነብ ዝም አልኩ። በየቀኑ ድልድዩን የምሻገረው አፍንጫዬን ይዤ ነው።

ድንጋይ ወዳጅ (ሐሙስ፣ 4፡00)

የፈንታሌን ነገር ማንም አልመለሰላትም። ልሞክር።

ፈንታሌ 2,007 ሜትር ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ ነው። የቆመው ስምጥ ሸለቆው ላይ ነው፤ እዚያ መሬቱ ቀስ እያለ ይለያያል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለወራት የነቀነቀን ቅልጥ ዐለት ከምድር በታች ስንጥቅ ውስጥ እየሰረገ ሲሄድ ነው። ትልቁ የካቲት ላይ ሲሆን 6.0 ተመዝግቧል። አንቺ አራተኛ ፎቅ ላይ ተወዛወዝሽ፤ አዋሽ ፈንታሌ ያሉ ሰዎች ግን ቤታቸውን ጥለው ነው የወጡት። ይሄንን እዚያ ስትደርሺ አስቢው።

ተራራው ራሱ ለመጨረሻ ጊዜ እሳት ያፈሰሰው ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ነው። መተሐራ ስትቃረቡ መንገድ ዳር ያለው ጥቁር፣ የተቃጠለ የሚመስለው ድንጋይ ያኔ የፈሰሰ ነው። መኪናውን አስቁሚና ለልጆቹ አሳዪያቸው። ከሳላው የበለጠ የሚገርመኝ እሱ ነው፤ ግን እኔን አትስሙኝ፣ ስሜን እዩት። ከመሄዳችሁ በፊት ወደ ፓርኩ ደውላችሁ ክፍት መሆኑንና የትኛው በኩል እንደሚገባ ጠይቁ። በቃ።

የመተሐራ ልጅ (ሐሙስ፣ ማታ 1፡50)

ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ስታዲየም አካባቢ ነው፣ ግን ተወልጄ ያደግኩት መተሐራ ነው። ሁላችሁም ስለ እንስሳው አወራችሁ። ስለ ሰዉ አንድም አላነሳችሁም።

ያ መሬት ፓርክ ከመሆኑ በፊት የከረዩ አርብቶ አደሮች ከብት ይሰማራበት ነበር። በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ደግሞ አፋር። በአንድ ወገን የሸንኮራ እርሻው መጣ፣ በሌላው ፓርኩ መጣ። ወንዙ ዳር ያለው የበጋ ግጦሽ በሁለቱ መሃል ጠበበ። ስለዚህ ፓርኩ ውስጥ ከብትና ግመል ስታዩ «ሕገ ወጥ!» ብላችሁ ፎቶ አንስታችሁ አትለጥፉ። ድርቅ ሲመጣ ሰው ከብቱን ወደ ሳር ነው የሚነዳው፤ ሌላ የት ይንዳው? ሳሩ ሲያልቅ ሳላውም እንደሚጎዳ አውቃለሁ። ቀላል ነው አላልኩም።

በሰቃ ሐይቅንም እዩት። መንገዱ በመሃሉ ነው የሚያልፈው። አያቴ ልጅ ሳለ ትንሽ ኩሬ ነበር ይላል። አሁን እያደገ እያደገ መንገድም ሐዲድም ግጦሽም በልቷል። ውሃው ጨዋማ ነው፣ አይጠጣም፣ አያጠጣም። ከተማ ሰው ፎቶ ያነሳበታል፤ በእርግጥ ማታ ማታ ያምራል።

አንድ ልመና ግን አለኝ። ስትመለሱ ከሰል አትጫኑ። ሁሌ የማየው ነው። ጠዋት ግራር ሥር ቆሞ «እንዴት ያምራል» ያለ ሰው፣ ማታ ያንኑ ግራር በማዳበሪያ ከረጢት ጣራው ላይ አስሮ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል።

ዶሮ ማነቂያ (ሐሙስ፣ 2፡10)

እኛ የገዛነው ሻጩ ፕሮሶፒስ ነው ብሎናል። ያ መጤ እሾህ እኮ ተቆርጦ ቢያልቅ ይሻላል።

የመተሐራ ልጅ (ሐሙስ፣ 2፡16)

ፕሮሶፒስ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ወደ አፋር በኩል የሚከሰል አለ። ግን ከረጢት ውስጥ ከገባ በኋላ በምን ታውቀዋለህ? ሻጩ ግራር ነው ይልሃል?

ዶሮ ማነቂያ (ሐሙስ፣ 2፡21)

ተረታሁ።

ካዛንቺስ በሌሊት (ሐሙስ፣ 2፡40)

አሁን እኔም ልሄድ ነው እንዴ። ማኪያቶ በፔርሙዝ ይዤ።

የቀበናዋ (ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ፣ ሰኞ፣ ማታ 3፡30)

ሄድን! ሪፖርቴን ላቅርብ።

አርብ ማታ አዳማ አደርን። ባለ ሃይሩፍን ራሱን ነው የተከራየነው፤ ሰዓቱ የታወቀ ሰው ነው፣ 11 ተኩል ሲል ሞተሩ ተነስቷል። ጥቁሩ ድንጋይ ጋ ቆምን። ልጄ አንስቶ ሊወስድ ፈለገ፣ ከለከልኩት። በሩ ጋ ስንደርስ ገና ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር። ስካውት ያዝን።

ልጆቹ ሰባት ናቸው። ዝም ማሰኘት ከባድ ነው ብዬ አንድ ጨዋታ ፈጠርኩ። የተናገረ ብስኩቱን ይከፍላል። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ብስኩቱን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ስካውቱ በጣቱ ሲያመለክት ቁጥቋጦ ነው ብዬ ያለፍኩት ነገር ጆሮውን አነቃነቀ፤ «ውይ!» ብዬ ጮህኩ። ሳላ ነበር። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ቆጥረን አሥራ አራት ደረስን። ምንም አያደርጉም፣ ይበላሉ፣ ቀና ይላሉ፣ ይበላሉ። እኛም ምንም አናደርግም። ሞተሩ ጠፍቷል። ከሥራ ጓደኞቼ አንዷ ስልኳን ሳታወጣ አሥር ደቂቃ ስትቀመጥ ሳያት በአምስት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

ልጆቹን ግን የማረካቸው ከርከሮ ነው። አራት ግልገል ይዛ ጭራዋን እንደ አንቴና አቁማ መንገዱን ስትሻገር መኪናው በሳቅ ፈነዳ። ሁሉም ብስኩቱን ከፈለ።

ያልተሳካውንም ልናገር። 5 ሰዓት ላይ ሙቀቱ ሌላ ሆነ። ትንሿ ልጄ አለቀሰች፣ ጫማዋን አውልቃ ድንጋዩን ረግጣ የባሰ አለቀሰች። ፏፏቴው ጋ ጥላ ሥር ምሳ ዘርግተን ሳለ ጦጣ መጥቶ ሙሉ ዳቦ ይዞ ዛፍ ላይ ወጣ። ዶሮ ወጥ ያለዳቦ በላን። ወንዝ ዳር እንዳንጠጋ ስካውቱ ደጋግሞ ነገረን፤ አዞ አለ። አንድ ሌላ ቡድን መጥቶ ስፒከር ከፈተ። ባለ ሃይሩፍ ተነስቶ ሄዶ ምን እንዳላቸው አላውቅም፣ ዘጉት።

ፏፏቴው ቡናማ ነው፣ ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። ለልጄ የጋሽ ለገሃርን ነገርኩት። ብዙ አሰበና «ታዲያ እኛ ቤት የሚወርደው ውሃ እዚህ ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጅበታል?» አለኝ። ጋሼ፣ እስቲ ይመልሱልኝ። ትናንት ቀበና ድልድይ ላይ ቆሞ አንድ ቅጠል ጣለ። ከዚያ ጎረቤት የሶፍት ላስቲክ ሲወረውር አይቶ ተጣላው። ሽማግሌ ነው የተጣላው፤ ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ከሰል አልገዛንም። አማቴ «አዋሽ ደርሳችሁ ባዶ እጃችሁን?» ብለው እስካሁን አኩርፈውኛል።

ጋሽ ለገሃር (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡05)

ልጄ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ እኔም አላሰብኩትም ነበር። ቆቃ ላይ ግን ቅጠሉ ብዙ ሳይቆይ አይቀርም፤ ግድብ አያስቸኩልም። አማትሽን ሰላም በይልኝ።

ካዛንቺስ በሌሊት (ማክሰኞ፣ 2፡30)

ባለ ሃይሩፍ፣ ለቀጣዩ ወር ቅዳሜ ክፍት ነህ? ስምንት ሰው ነን።

ባለ ሃይሩፍ (ማክሰኞ፣ 6፡10)

ክፍት ነኝ፤ በውስጥ ጻፍልኝ። ስፒከሩ ግን ካዛንቺስ ይቀራል። ዳቦም ትርፍ ያዙ።